ኮሌታዋ ውስጥ የሰካኋት ሜዳሊያ

ሳሉ የጀመራት ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ልጄ ማርታ ያን ጊዜ ሦስት ዓመት ከአራት ወሯ ነበር። እኔ ግቢ ውስጥ ልብስ አሰጣለሁ፤ እሷ ደፉ ላይ ተቀምጣ በቆርቆሮ ክዳን ትጫወታለች። ድንገት ትን አላት። ፊቷ ቀላ፣ ዓይኗ እንባ ሞላ። ሳለች፣ ሳለች፣ ከዚያ ተወት አደረጋት። ጀርባዋን መታ መታ አድርጌ ውኃ ሰጠኋት። ጠጣች። ወደ ጨዋታዋ ተመለሰች፤ እኔም ወደ ልብሴ።

ይህን የምጽፈው ልጃቸው ለሚያስልባቸው እናቶች ነው። ትን ብሎ የተወው ልጅ ሁሉ ዳነ ማለት አይደለም። እኔ ይህን የተማርኩት ከሰባት ሳምንት በኋላ ነው፤ ያን ያህል የዘገየሁትም ሐኪም አጥቼ ሳይሆን ዋሽቼ ነው።

እኛ ካቶሊኮች ነን። ባለቤቴም እኔም ከጉራጌ አገር መጥተን መርካቶ ነው የተጋባነው። እሱ ሸማ ተራ በስፌት መኪና ይሠራል፤ እኔ አትክልት ተራ ሽንኩርትና ቃሪያ እቸረችር ነበር። የማርታ ክርስትና እናት እትዬ አስካለ እኛው ግቢ ይኖራሉ። ልጅ አልወለዱም። ማርታ ክርስትና የተነሣች ዕለት ማተቧ ላይ አንዲት የእመቤታችንን ሜዳሊያ አሰሩላት። ሽምብራ ብታክል ነው፤ ነጭ፣ ቀላል፣ የአሉሚኒየም። ልጅ ሳሉ አገር ቤት አንዲት መነኩሲት የሰጠቻቸው ናት። «ለልጄ ያስቀመጥኳት ነበረች፤ እንግዲህ ልጄ ይህቺው ናት» አሉ። ካንገቷ እንዳላወርዳትም አስጠነቀቁኝ።

አወረድኳት።

በዚያ ዓመት ማርታን ቀበሌያችን በከፈተው የሕፃናት ማዋያ ማስገባት ጀምሬ ነበር። አንድ ቀን ልጆቹን የምትጠብቀው ሴት ሜዳሊያዋን በጣቷ አንሥታ አየቻትና፣ «እቺ ልጅ የሮማ አምባሳደር ናት እንዴ?» ብላ ሳቀች። እዚያ የነበሩትም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። አውልቂ ያለኝ ሰው የለም። ነገር ግን ጊዜው በቀልድ የተወረወረ ቃል ሳምንት ሳይሞላ በስብሰባ ላይ የሚነሣበት ጊዜ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከድሮም ፈሪ ነኝ። ቤት እንደገባሁ ሜዳሊያዋን ከማተቧ ፈትቼ በመርፌ ቁልፍ ኮሌታዋ ውስጥ ሰካኋት። እግዚአብሔር ያያታል፣ ሰው አያያትም አልኩ።

ማርታ ኮሌታ ታኝካለች። ያልታኘከ ልብስ አልነበራትም። ይህን አውቅ ነበር።

ያን ማክሰኞ አመሻሹ ላይ ልብሷን ሳወልቅላት መርፌ ቁልፉ ተከፍቶ ተንጠልጥሏል። ሜዳሊያዋ የለችም። ቤቱን ጠረግሁ፣ ደፉን ጠረግሁ፣ ፍራሹን አራገፍኩ። ጠዋት በአትክልት ተራ ጭቃ አዝያት ስላለፍኩ እዚያ ወድቃ ቀርታለች ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። በማግስቱ ሳሉ ተመልሶ መጣ።

እዚህ ላይ ነው ሐሳቤ የጠመመው። ሜዳሊያዋ ጠፋች፤ ልጄ ታመመች። ሁለቱን አያይዣቸዋለሁ፤ ያያያዝኳቸው ግን በተገላቢጦሽ ነው። ጠባቂዋን በፍርሃቴ ካንገቷ ስላወረድኩባት በሽታው በር አገኘ ብዬ አመንኩ። ራሷ ሜዳሊያዋ በሽታው ትሆናለች ብዬ አላሰብኩም። የተባረከች ናት። የተባረከ ነገር ይጠብቃል እንጂ ያንቃል?

ለእትዬ አስካለ ጠፋች ለማለት አፌ አልታዘዝ አለኝ። ከመቁጠሪያዬ ጫፍ ላይ የነበረችውን ሜዳሊያ ፈትቼ በማርታ ማተብ ላይ አሰርኳት። ከታመመች ወዲህ ማዋያው ስለማትሄድ የሚስቅብኝ የለም። ሜዳሊያዋ ከፊተኛይቱ ተለቅ ትላለች፤ የእትዬ አስካለን ዓይን ግን ሞራ ጋርዶት ነበር። በየጠዋቱ መጥተው በጣታቸው ዳብሰው ያገኟትና ይስሟታል። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ።

በሳምንቱ ትኩሳት ተጨመረ። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ የሳንባ ምች ነው ተባለ። ፕሮኬይን ፔኒሲሊን አምስት ቀን ተወጋች። ትኩሳቱ ወረደ። ሐምሌ ሲገባ ተመለሰ። አምፒሲሊን ሽሮፕ ታዘዘላት፤ እንደገና ወረደ፣ እንደገና ተመለሰ። ምግብ እንቢ አለች። ስትታቀፍ ትከብድ የነበረች ልጅ ቀለለችብኝ። ጆሮዬን ቀኝ ጀርባዋ ላይ ሳስጠጋ ከስንጥቅ ቱቦ እንደሚወጣ አየር ያለ ቀጭን ፉጨት እሰማለሁ። በግራ በኩል ምንም የለም። ይህንንም ልብ በሉ፦ በአንድ ጎን ብቻ።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ሆስፒታል አስተኟት። ራጅ ተነሣች። ወጣቱ ዶክተር ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ወደ እኔ መጡ። እትዬ አስካለ ከአልጋው ራስጌ ቆመዋል።

«እናት፣ የታመመው ቀኝ ሳንባዋ ብቻ ነው። ልጆች አንዳንዴ ባዕድ ነገር ወደ ሳንባቸው ይስባሉ፤ ባቄላ፣ ዶቃ፣ ቁልፍ። ትን ብሏት ያውቃል? ከቤት የጠፋ ትንሽ ነገር አለ?»

እትዬ አስካለ የማርታን ማተብ እየዳበሱ ነበር።

«የለም» አልኩ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ፣ ዶክተር።»

ያን ጊዜ ገብቶሽ ነበር ወይ ብዬ ራሴን ብዙ ዓመት ጠይቄአለሁ። እውነቱን ልናገር። «የጠፋ ነገር» ሲሉ ልቤ ደንግጧል። የደነገጠው ግን ውሸቴ ሊገለጥ ነው ብሎ እንጂ ልጄን ያፈናት ይህ ነው ብሎ አይደለም። ማክሰኞ ትን ያላትንም አብሬ ካድኩ፤ አንዱን ብናገር ሌላው ተስቦ ይወጣል ብዬ ፈራሁ። ዶክተሩ አመኑኝ። እናትን የማያምን ማን ሐኪም አለ?

ራጁ ሜዳሊያዋን አላሳየም። በኋላ እንዳስረዱኝ አሉሚኒየም ቀላል ስለሆነ እንደ ሳንቲም ጎልቶ አይወጣም፤ በዙሪያዋም ሳንባው ታምሞ ነጭ ሆኖ ነበር። እንግዲህ ቲቢ ይሆናል ተባለ። በየቀኑ የስትሬፕቶማይሲን መርፌ፣ ከአይኤንኤች ኪኒን ጋር። ሃያ አንድ መርፌ ተወጋች። ለሌለባት በሽታ። በእያንዳንዱ መርፌ እጇን የያዝኩላት እኔ ነኝ።

በነሐሴ መጀመሪያ ባሰባት። አንድ ጠዋት ከንፈሯ ጠቆረ። ነርሷ ሮጠች። ኦክስጅን አመጡ። አልጮህኩም። መሬት ተቀመጥኩ።

ፍልሰታ ገብቶ ነበር። እኔ ሁለት እሑድ ሳልቆርብ ቀረሁ። ውሸት ባደረበት አፍ መቀበል ፈራሁ። እትዬ አስካለ ግን ልብ ብለው ኖሮ፣ «አንቺ ሴት፣ ሰው ልጁ ሲታመም ወደ ቁርባን ይሮጣል፤ አንቺ ትሸሻለሽ። ምን በድለሽ ነው?» አሉኝ። ቅዳሜ ጠዋት እሳቸውን ማርታ ዘንድ ትቼ ወደ ቁምስናችን ለኑዛዜ ሄድኩ። አባ ሽማግሌ ናቸው፤ የአገሬ ሰው። መጋረጃው ሥር ተንበርክኬ ስለ ሜዳሊያዋ ተናዘዝኩ። በሰው ሳቅ አፍሬ ከልጄ አንገት እንዳወረድኳት፣ በእጄ እንደጠፋች፣ ክርስትና እናቷን እንዳታለልኩ፣ እግዚአብሔርም በልጄ እየቀጣኝ እንደሆነ ነገርኳቸው።

እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ጠየቁኝ።

«መቼ ነው የጠፋችው?»

«ሳሉ በጀመራት ቀን፣ አባ።»

«ምኗ ላይ ነበር የሰካሻት?»

«ኮሌታዋ ውስጥ።»

«ልጅቱ ኮሌታ ታኝካለች?»

«አባ፣ እኔ እኮ ኃጢአቴን ነው የምነግርዎት» አልኩ።

«እኔ ደግሞ ስለ ልጅሽ ጉሮሮ ነው የምጠይቅሽ። ታኝካለች ወይስ አታኝክም?»

ያኔ ገባኝ።

«ስሚኝ» አሉ አባ። «እግዚአብሔር ሕፃን በማነቅ እናት አይቀጣም። እኔ እዚህ የሰማሁትን ለሰው መናገር አልችልም። ሐኪሙ አሁን በዚህ በር ቢገባ እንኳ አልነግረውም። ለሐኪሙ የምትነግሪው አንቺ ብቻ ነሽ። ዛሬ። ከፈታሁሽ በኋላ ጸሎት ብለሽ እዚህ እንዳትቀመጪ፤ መንገድ ላይ እየሄድሽ ጸልዪ።»

ሮጥኩ። ነጠላዬ በሰው መሐል ወድቆ ቀረ።

ዶክተሩ ተረኛ ነበሩ። እትዬ አስካለ ባሉበት፣ ቆሜ ነገርኳቸው። ትን ያላትን ነገርኩ። ኮሌታዋን ነገርኩ። «ያን ቀን ሲጠይቁኝ ዋሽቻለሁ» አልኩ። እስክሪብቷቸውን አስቀመጡና፣ «ከምን የተሠራች ናት? ምን ታክላለች?» አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እትዬ አስካለ የማርታን ማተብ ያዙ።

«ታዲያ ይቺ የማን ናት?»

«የመቁጠሪያዬ ናት፣ እትዬ።»

«ይሄን ሁሉ ሳምንት ያንቺን መቁጠሪያ ነው ስስም የከረምኩት?»

ማተቡን ቀስ ብለው ለቀቁት። «ጠፋች ብትይኝ ምን አደርግሽ ነበር፣ ልጄ? እገርፍሽ ነበር?» አሉ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። ዛሬም ድረስ የምሰማው ያን ድምፅ ነው።

ሰኞ ጠዋት የአንገት በላይ ሐኪሙ ወሰዷት። ብሮንኮስኮፕ በሚባል ቀጭን የብረት ቱቦ በጉሮሮዋ ገብተው ሊያወጧት ነው። እኔና ባለቤቴ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥን። እውነቱን ከነገርኩት ሁለት ቀኑ ነው፤ አንድም ቃል አልተናገረኝም። እዚያ ግን፣ «ፈሪ መሆንሽን አውቄ ነው ያገባሁሽ» አለ። «ለእኔ እንኳ መዋሸትሽን ግን...» አልጨረሰውም።

ሐኪሙ ወጡ። «አይተናታል» አሉ። «ሥጋ በቅሎባታል። ስንይዛት ትንሸራተታለች፤ ይደማል። መተንፈሷ ስላስቸገረን አቆምን። እብጠቱ እንዲቀንስ ሃይድሮኮርቲሶን እንሰጣትና ሐሙስ እንሞክራለን። ያ ካልሆነ ደረቷን መክፈት ነው።»

ረቡዕ አባ መጡ። እትዬ አስካለ ናቸው የጠሯቸው፤ ቀንዲል እንዲሠሩላት። እኔ እንቢ አልኩ። በሰፈራችን ቀንዲል የተቀባ ሰው ከአልጋ አይነሣም ይባላል። ዘይቱን ሳይ መግነዝ ያመጡ መሰለኝ።

«ይህ ለሕሙማን እንጂ ለሙታን አይደለም» አሉ አባ። «እኔን ራሴን ሁለት ጊዜ ቀብተውኛል። ሞቻለሁ?»

«አባን እንኳ ሞት አይፈልጋቸውም» አሉ እትዬ አስካለ። ነርሷ ሳቀች። እኔም ከስንት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅኩና ወዲያው አለቀስኩ። ቀቧት። ግንባሯ ላይ፣ ደረቷ ላይ። ማርታ ዘይቱን በጣቷ ነክታ አሸተተችው።

ሐሙስ አስገቧት። አንድ ሰዓት አለፈ። መጸለይ አቃተኝ። ቃሉ ጠፋኝ። ባለቤቴ እጄን ያዘ። በሩ ተከፈተ።

«ወጥታለች።»

በፋሻ ጨርቅ አድርገው አሳዩኝ። ጠቁራለች። ምስሏ አይለይም።

«ዶክተር፣ ያን ቀን ሲጠይቁኝ ብነግርዎት ኖሮ?» አልኩ ወጣቱን ዶክተር። ሊያጽናኑኝ ይችሉ ነበር። አየት አድርገውኝ፣ «ያን ቀን ብትነግሪኝ ሳንባዋ ይህን ያህል አይጎዳም ነበር። እውነቱ ይህ ነው። አሁን ግን ሥራ አለሽ፤ እሱን ላሳይሽ» አሉ። ስላልዋሹኝ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

ሥራው ይህ ነበር። የቀኝ ሳንባዋ የታችኛው ክፍል ውስጥ ያሉት ትናንሽ የአየር ቧንቧዎች ሰፍተው ቀርተዋል፤ ብሮንኬክታሲስ ይባላል። አክታ እዚያ ይጠራቀማልና እንዲወጣ ጠዋትና ማታ፣ ሳትበላ፣ በግራ ጎኗ አስተኝቼ፣ ከዳሌዋ በታች ትራስ አድርጌ ጭንቅላቷን ዝቅ ካደረግሁ በኋላ፣ እጄን ውኃ እንደሚቀዳ ሰው ጎድጎድ አድርጌ የቀኝ ጎድን አጥንቷን ከኋላና ከጎን እመታታለሁ፤ ከዚያ ቀና አድርጌ አስላታለሁ። «ለሩብ ሰዓት ያህል» አሉኝ ዶክተሩ። እኛ ቤት ሰዓት አልነበረም። ባንድ እጄ መቁጠሪያ ይዤ በሌላው እየመታሁ አምስቱን ምስጢር ብጨርስ ምን ያህል ይሆናል ብዬ ጠየቅኋቸውና እዚያው አልጋው አጠገብ በሰዓታቸው ለኩኝ፤ ትንሽ ስለፈጠንኩ፣ «ቀስ በዪ፤ ማርያምም ትስማሽ፣ ሳንባዋም ይራገፍ» አሉኝ።

ሆስፒታል ሌላ ሦስት ሳምንት ተኝታ ወጣች። በመስከረም ፀሐይ ደፉ ላይ አስቀምጫት የተፈጨ ምስርና እንቁላል እያበላሁ በየሳምንቱ አትክልት ተራ ባለው የሽንኩርት ሚዛን እመዝናት ነበር፤ ደንበኞቼም «ኪሎዋ ስንት ነው ዛሬ?» እያሉ ይቀልዱብኛል። በስትሬፕቶማይሲኑ ጆሮዋ ተጎድቶ እንዳይሆን ሥጋት ይዞኝ ከኋላዋ ቆሜ ስሟን በሹክሹክታ እጠራለሁ፤ ስትዞር ደስ ይለኛል፤ በነጋታው ደግሞ አላምን ብዬ እንደገና እጠራታለሁ። ጎረቤታችን ሐሊማ በግድግዳው ማዶ የጠዋቱን ምት እየሰማች፣ «አንቺ ልጂቱን ከበሮ አደረግሻት፤ ዛሬ ደግሞ የማን ንግሥ ነው?» ትለኝ ነበር፤ እኔ አትክልት ተራ በምውልበት ቀን ግን ያለ መቁጠሪያ፣ በራሷ ጸሎት እየቆጠረች የምትመታት እሷው ነበረች፤ የእሷ ቆጠራ ከእኔ ይረዝማል ብላ ማርታ ታማርር ነበር።

ማርታ ዛሬ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ትሮጣለች፣ ትማራለች። ክረምት በገባ ቁጥር ግን ታስላለች፤ በዓመት አንዴ ሁለቴም መድኃኒት ትወስዳለች። አባ ኃጢአቴን ፈተውልኛል፤ ይህን አምናለሁ፤ እቆርባለሁም። የተፈታ ኃጢአትና የተጎዳ ሳንባ ግን ሁለት ነገር ናቸው። አንዱ ተደምስሷል፤ አንዱን በየክረምቱ እሰማዋለሁ።

ባለፈው ሐምሌ አዲስ ሐኪም አጋጠመን። ራጁን አይተው፣ «ይህ ሳንባ ምን አግኝቶት ነው?» ብለው ጠየቁ። ማርታ ቀድማ፣ «ልጅ ሳለሁ ብረት ገብቶብኝ ነው» አለች። ለእኔ አዝና ነው ያሳጠረችው። እኔ ግን፣ «ሰባት ሳምንት የቆየው እኔ ለሐኪም ዋሽቼ ነው፤ ካርዷ ላይ ይጻፉት» አልኩ። ሐኪሙ ማርታን አዩ፤ እሷ በእሺታ አንገቷን ነቀነቀች። ጻፉት።

ያን ጊዜ ልጄን የረዱትን ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ አባን፣ ሐሊማን አመሰግናለሁ። እትዬ አስካለ ዐርፈዋል፤ እስከ መጨረሻቸው አንድ ቀን እንኳ ነገሩን አንሥተውብኝ አያውቁም፤ ነፍሳቸውን ይማር።

እናንተ ልጃችሁ ዛሬ የሚያስልባችሁ ሰዎች፣ ይህን ከእኔ ያዙ። ሜዳሊያም ሆነ መስቀል፣ ክታብም ሆነ ዶቃ፣ ትንሽ ልጅ አፉ የሚደርስበት ቦታ አታድርጉ፤ ከአልጋው በላይ ግድግዳው ላይ ስቀሉት፤ ከዚያም ይጠብቃል። ደህና የነበረ ልጅ ድንገት ትን ብሎት ከቆየ በኋላ ሳል ከጀመረው፣ ወይም በአንድ ጎኑ ብቻ የሚያፏጭ ከሆነ፣ ያን ቀን ውሰዱት፤ የሆነውንም ሳትጠየቁ ተናገሩ። ቀንዲልን አትፍሩ፤ መርፌውንም አትተዉ። ሐኪም ሲጠይቃችሁ አጠገባችሁ የምታፍሩት ሰው ካለ፣ «ይህን ለብቻዎ ልንገርዎት» በሉ። እኔ ይህችን አንዲት ዐረፍተ ነገር ማለት እችል ነበር። ማንም አልከለከለኝም።